የካሉብ ጋዝና የጎጃም ማዳበሪያ፤ ከክምችቱ ቁጥር ጀርባ ያለው የዓለት ስንጥቅ

ደብረ ማርቆስ፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ካሉብ በተባለው ስፍራ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ በይፋ ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዕለት ለጎዴው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ፋብሪካውን ለመገንባት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ የተፈራረሙት ከአንድ ወር በፊት፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ወጪው 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ነው። የማምረት አቅሙ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን፣ የግንባታ ጊዜው 40 ወራት እንደሆነ ተገልጿል። የባለቤትነት ድርሻው 60 በመቶ የዳንጎቴ፣ 40 በመቶ የኢትዮጵያ ነው።

ጎዴ ከደብረ ማርቆስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ይሁንና ጉዳዩ ለጎዛምን፣ ለማቻከል፣ ለእነማይና ለአዋበል አርሶ አደር የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሰኔ በገባ ቁጥር በየቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ደጃፍ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማዳበሪያው ገባ ወይ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያው በወቅቱ ባለመድረሱ የተፈጠረውን ምሬት የማያስታውስ የአካባቢው ነዋሪ የለም። የከተማው ሰውም ቢሆን ያ እጥረት በማግሥቱ በጤፍና በስንዴ ዋጋ ላይ ሲንጸባረቅ አይቷል። ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ የማቻከል ገበሬ የዘር ወቅት ሒሳብ የሚናጋውም ለዚህ ነው።

ስለ ጎዴው ፋብሪካ ሲነገር አንድ ቁጥር በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኔዘርላንድ ሲዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባደረገው ጥናት በኦጋዴን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የጋዝ ክምችት መኖሩ መረጋገጡን መንግሥት አስታውቋል። ይህ በሜትር ሲሰላ ወደ 200 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ስለ ማዳበሪያ ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ጋዙ በቀን ምን ያህል ይወጣል? ለስንት ዓመትስ በዚያው መጠን ይወጣል? የሚለው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ለማምረት፣ ለኬሚካሉም ለማገዶውም ጭምር፣ በግርድፉ ከ55 እስከ 60 ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ይጠፋል። በዚህ ስሌት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ በዓመት ወደ 1 ነጥብ 7 ቢሊዮን፣ በቀን ደግሞ ወደ 4 ነጥብ 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ጋዝ ይፈልጋል። በ20 ዓመት ውስጥ የሚፈጀው ከጠቅላላው ክምችት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብዛቱን ብቻ የሚመለከት ሰው ጋዙ ይትረፈረፋል ቢል አይፈረድበትም። ፋብሪካው ግን የሚበላው የቀኑን ቀለብ ነው። ጎተራ ሙሉ ሆኖ አፉ ከጠበበ ቤተሰቡ እህል እያለው ይራባል። አንድ ጉድጓድ በቀን 200 ሺህ ሜትር ኩብ ቢሰጥ ለፋብሪካው 24 ያህል ጉድጓዶች ይበቁታል። ፍሰቱ በግማሽ ከወረደ ግን ያንኑ ማዳበሪያ ለማምረት 47 ጉድጓድ ሊያስፈልግ ነው። በሦስት ሺህ ሜትር ጥልቀት የሚቆፈር ጉድጓድ ደግሞ የመንደር የውሃ ጉድጓድ አይደለም፤ ወጪው በመጨረሻ የሚያርፈው በኩንታሉ ዋጋ ላይ ነው።

የጎተራው አፍ ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ዓለቱ ነው። በካሉብና በሂላላ ጋዙ በዋናነት የሚገኘው በሁለት የአሸዋ ድንጋይ ንጣፎች ውስጥ ነው። አንደኛው በስፍራው ስም ካሉብ ይባላል። ሁለተኛው በትግራይዋ ከተማ ስም አዲግራት የተሰኘው ንጣፍ ነው። ይህን ሁለተኛውን የጎጃም ሰው በዓይኑ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ከወንዙ ግራና ቀኝ የሚያየው ቀላ ያለ ገደል የዚሁ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ከእርሱ በላይ ጂፕሰም ያለበት ንጣፍ አለ፤ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከሁሉም በላይ የጎጃምን አምባ የሸፈነው ጥቁሩ ባዛልት ተደርቧል። ኦጋዴን ውስጥ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ተቀብሮ የሚገኘውን ዓለት እኛ በአውቶቡስ መስኮት እናየዋለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የሚነሣ ጥያቄ ይኖራል። ድንጋዩ አንድ ከሆነ ከዓባይ ሸለቆ ሥርስ ጋዝ አይገኝም ወይ? በደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢ ዘይት ከመሬት እንደሚያዥ ከታወቀ ቆይቷል፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የዓባይን ተፋሰስ በዚህ ዓይን ሲመለከቱት ኖረዋል። ነገር ግን ጋዝ የሚጠራቀመው ዓለቱ ከላይ በማያሳልፍ ክዳን ሲታፈን ነው። ወንዙ ቆርጦ ለፀሐይ ያጋለጠው ገደል ክዳኑ የተከፈተ ጋን ነው። የሸለቆው ጥቅም ሌላ ነው፤ በጥልቀት የተቀበረው ድንጋይ ምን እንደሚመስል፣ በተለይም እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ቆሞ ለማየት ያስችላል።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በስንጥቁ ላይ ነው። የአሸዋ ድንጋይም ሆነ የኖራ ድንጋይ በብዙ ሺህ ሜትር ክብደት ሥር ለሚሊዮን ዓመታት ሲጨመቅ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ጋዙ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ አለ፤ መውጫው ግን ጠባብ ነው። የመሬት ቅርፊት ሲታጠፍና ሲንቀሳቀስ የተፈጠሩ ስንጥቆች ካሉ ጋዙ በእነርሱ በኩል ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። ስንጥቆቹ ከዓለቱ ይዘት ሲታዩ ኢምንት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። የሚያሳልፉት ግን አብዛኛውን ፍሰት ነው። የስንጥቁ ስፋት እጥፍ ቢሆን የሚያሳልፈው ፍሰት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፀጉር የምታህል ልዩነት አንዱን ጉድጓድ ሀብታም፣ ሌላውን ድኃ ታደርጋለች።

ይህን ለጮቄ ሥር ነዋሪ ማስረዳት አይከብድም። የጎጃም ባዛልት በራሱ ውሃ የሚይዝ ድንጋይ አይደለም፤ ውሃው የሚኖረው በስንጥቁና በንጣፎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በአንድ ቀበሌ የተቆፈረ ጉድጓድ ደረቅ ሲሆን ከእርሱ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለው ቢቀዱት የማያልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምንጮቹንም እንመልከት። ክረምቱ ሲወጣ ምንጩ በኃይል ይፈልቃል፤ ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ግን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ በቀጭኑ፣ ግን ሳያቋርጥ ይወርዳል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ፍሰት ከሰፋፊው ስንጥቅ የመጣ ነው። የኋለኛው ቀጭን ፍሰት ደግሞ ድንጋዩና አፈሩ ቀስ እያሉ ለስንጥቁ የሚያቀብሉት ነው። ጨሞጋና ሙጋ በበጋ የማይደርቁት በዚህ በሁለተኛው ነው።

የጋዝ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። በተከፈተ ሰሞን በስንጥቁ ውስጥ ያለው ጋዝ ይንደቀደቃል፤ ያየ ሁሉ ይደነቃል፤ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ በራሱ ያለው ስለሚያልቅ ጉድጓዱ የሚኖረው ድንጋዩ በሚያቀብለው ላይ ይሆናል። የመጀመሪያውን ወር ፍሰት ይዞ የ20 ዓመት ምርት የሚያሰላ ሰው በመስከረም ምንጭ አይቶ የሚያዝያ መስኖ እንደሚያቅድ ገበሬ ነው።

ሳይንሱ ይህን ችግር በሒሳብ ሞዴል ለመያዝ ከሞከረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሬንብላት፣ ዤልቶቭና ኮቺና የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት የተሰነጠቀን ዓለት እንደ ሁለት ተደራራቢ ማጠራቀሚያ ማየት እንደሚገባ አሳዩ፤ አንዱ ስንጥቁ፣ ሌላው ድንጋዩ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ዋረንና ሩት የተባሉ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ለነዳጅ መሐንዲስ በሚመች መልክ አዘጋጁት። ሥዕላቸው ቀላል ነው፤ እንደ ስኳር ኩብ የተደረደሩ የድንጋይ ብሎኮች፣ በመካከላቸው ስንጥቅ። ሞዴሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ከጠቅላላው ጋዝ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ምን ያህሉ ነው? ብሎኮቹስ ጋዛቸውን ለስንጥቁ የሚያስረክቡት በምን ፍጥነት ነው? ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩት ሞዴሎች ከዚህ እጅግ የተራቀቁ ናቸው። እያንዳንዱን ትልቅ ስንጥቅ ለየብቻው ያስቀምጣሉ፤ ግፊት ሲቀንስ ስንጥቁ ራሱ እንደሚጠብብም ያሰላሉ። መሠረቱ ግን ያው ነው።

የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው ከቢሮ ሳይሆን ከጉድጓዱ ነው። ጉድጓዱ ለተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ጋዝ ይለቀቃል፤ ከዚያ ይዘጋና ከታች ያለው ግፊት እንዴት እንደሚያገግም በመለኪያ ይታያል። በተሰነጠቀ ዓለት ውስጥ ግፊቱ በመጀመሪያ ፈጥኖ ይወጣል፤ ቀጥሎ እንደ መታከት ይልና ይዘገያል፤ ኋላ እንደገና ይወጣል። ያ መካከለኛ ዝግታ ድንጋዩ ለስንጥቁ ማቀበል የጀመረበት ምልክት ነው። ሙከራው ቶሎ ከተቋረጠ ይህ ምልክት ሳይታይ ይቀራል፤ ሞዴሉም በስንጥቁ ብቻ ተታልሎ የተሳሳተ ትንበያ ይሰጣል። አንድ ሞዴል እውነተኛነቱ የሚለካው ያለፈውን ምርትና ግፊት መልሶ በትክክል ማሳየት ሲችል ነው። የጥቂት ቀን ታሪክ ብቻ ካለው ደግሞ ብዙ የተለያዩ ሞዴሎች ያንኑ ታሪክ ይገጥማሉ፤ አንዱ 25 ዓመት፣ ሌላው 8 ዓመት ሊል ይችላል።

ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቢቨር ሪቨር የተባለው የጋዝ መስክ እ.ኤ.አ. በ1961 ተገኝቶ በ1971 ማምረት ጀመረ። ዓለቱ እጅግ የተሰነጠቀ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ፍሰት ታላቅ ተስፋ ፈጥሮ ነበር። ነገር ግን ከጋዙ በታች የነበረው ውሃ በእነዚያው ስንጥቆች በኩል ሽቅብ ወጥቶ ጉድጓዶቹን አጥለቀለቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምርቱ ወደቀ፤ የወጣውም ጋዝ አስቀድሞ ይወጣል ከተባለው ጥቂቱ ብቻ ሆነ። አብዛኛው ጋዝ በድንጋዩ ውስጥ በውሃ ተከብቦ ቀረ። ጋዙን ያመጣው መንገድ ውሃውንም አመጣው።

በአገራችንም ስንጥቅ ምን ያህል ዕድል እንደሚወስን የታየበት ቦታ አለ። በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1986 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ሁሉም የተቆፈሩት በአንድ እሳተ ገሞራ ላይ ቢሆንም ለማመንጫ የበቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ትልቁን የመሬት ስንጥቅ ያገኙት ጉድጓዶች እንፋሎት ሰጡ፤ የሳቱት ሳይሰጡ ቀሩ።

የካሉብ ጋዝ ራሱ አዲስ ግኝት አይደለም። ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሉብን እ.ኤ.አ. በ1973፣ ሂላላን በ1974 ካገኘ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፏል። አብዮቱ መጣ፤ በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ተተክተው በርካታ ጉድጓዶችን ቆፈሩ። ባሬንብላትን ያፈራው ትምህርት ቤት ተማሪዎች በኦጋዴን ምድር ሠርተዋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ ፔትሮትራንስ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ገባ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. በሂላላ ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ሲወጣ አገሩ ሁሉ ተደስቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የዚያም ኩባንያ ውል ተቋረጠ፤ አሁን ምርቱን የጀመረው ጎልደን ኮንኮርድ የዚያው ቤተሰብ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቆይቷል። የማዳበሪያ ፋብሪካ ተስፋም እንዲሁ። በኢሉባቦር የያዩ ፋብሪካ በከሰል ድንጋይ ዩሪያ ያመርታል ተብሎ ግንባታው መሐል መንገድ ላይ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው ስምምነትም እስካሁን ጆንያ አልሞላም።

ስለዚህ የአሁኑ ጅምር ከቀደሙት የሚለየው በምንድን ነው? በዚህ ጸሐፊ ግምት ዋናው ልዩነት ጋዙ በእርግጥ መፍሰስ መጀመሩ ነው። የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሯል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ወደ 600 ሊትር ተራ ጋዝ ስለሚሆን ይህ ወደ 67 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል። የጎዴው ፋብሪካ የሚፈልገው ከዚህ 25 እጥፍ ነው። በንግድ ዓይን ሲታይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ትንሽ ነው ያሰኛል። በዓለቱ ዓይን ሲታይ ግን ከዚህ ቀደም ተደርጎ የማያውቅ ረጅም የጉድጓድ ሙከራ ነው። በየዕለቱ የሚወጣው ጋዝና በየወሩ የሚለካው ግፊት በጥንቃቄ ከተመዘገበ ፋብሪካው ሳይጠናቀቅ በፊት ድንጋዩ የማቀበል አቅሙን ይናገራል።

መጠየቅ ያለበትም እዚሁ ላይ ነው። ባለሥልጣናት ስለ ጋዙ ሲጠየቁ ክምችቱን ይናገራሉ፤ ጠያቂውም በትሪሊዮኑ ረክቶ ይመለሳል። ክምችት ሲባል ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሌላ፣ ሊወጣ የሚችለው ሌላ ነው። ውሃ በማይጋፋው ማጠራቀሚያ ከጋዙ 80 እና 90 በመቶ ሊወጣ ይችላል፤ ውሃ በስንጥቅ በሚገባበት ግን ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። የሕዝብ ተወካዮች የማዕድን ሚኒስቴርን ቢጠይቁ የሚጠቅመው የጉድጓዶቹን ግፊት አካሄድ፣ ከጋዙ ጋር የሚወጣውን የውሃ መጠንና ፍሰቱ በ6 ወር ውስጥ ምን ያህል እንደቀነሰ ነው። ኩባንያዎች ይህን ምስጢር ማድረግ ይወዳሉ። ኢትዮጵያ ግን በፋብሪካው ውስጥ የ40 በመቶ ባለድርሻ ናት፤ የጋዙ ባለቤትም ናት።

ፋብሪካው ቢሠራ እንኳ ለጎጃም ምን ይለወጣል የሚለው ለብቻው መታየት አለበት። መንገዱ አያጥርም፤ ጎዴም እንደ ጅቡቲ ሩቅ ናት። የሚቀረው የውጭ ምንዛሪው ወጪና የጨረታው መጓተት ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል እንጂ ፎስፈረስ አይሰጥም፤ ስለዚህ ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ መግባቱን አያቆምም። በጮቄ ዙሪያ፣ በስናንና በማቻከል አሲዳማ የሆነው መሬት ደግሞ ኖራ ሳይደረግለት ዩሪያ ብቻ ቢደጋገምበት አሲዱ ይብስበታል። ኖራው የሚፈጨው የዓባይን ገደል ከሠራው ከዚያው የደጀን ዓይነት ድንጋይ ነው። ለእርሱ ማጓጓዣና ወፍጮ የሚመደበው ገንዘብ ከጎዴው ዜና ጎን ለጎን ቢነገር ለእኛ አካባቢ ይጠቅም ነበር።

ስምምነቱ የያዘው የ40 ወር ጊዜ ከተጠበቀ ግንባታው የሚያልቀው በታኅሣሥ 2021 ዓ.ም. ነው። ያኔ የመጀመሪያው ጆንያ ለዚያው ዓመት ክረምት እርሻ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ የካሉብ ጉድጓዶች ከሦስት ዓመት በላይ ሲፈስሱ የቆዩ ይሆናሉ፤ የግፊታቸውም መዝገብ በማዕድን ሚኒስቴር እጅ ይኖራል።